«ዶክተር፣ ቀይ የሚያደርግ ክሬም ይንገሩኝ»



በኢንቦክስ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል በብዛቱ ከስኳርና ከደም ግፊት የማያንስ አንድ ጥያቄ አለ። አጻጻፉ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፦ «ዶክተር፣ ፊቴን ቀይ የሚያደርግ፣ ግን ጉዳት የሌለው ክሬም ይንገሩኝ።» አንዳንዷ ፎቶ አያይዛ ትልካለች። ፎቶውን በጣቴ አስፍቼ አየዋለሁ። ብጉር የለም፤ ማዲያት የለም፤ ሽፍታ የለም። ወዝ ያለው፣ ጤነኛ ጠይም ፊት ነው። «ችግሩ የቱ ጋ ነው?» ብዬ ስጠይቅ የሚመጣው መልስ «በቃ መልኬ» የሚል ነው። ወንዶችም ይጽፋሉ፤ እነሱ ብዙ ጊዜ «ለእህቴ ነው» ብለው ነው የሚጀምሩት።

አጭሩን መልስ መጀመሪያ ልስጣችሁ። ጤነኛ ቆዳን በዘላቂነት ቀይ የሚያደርግና ጉዳት የሌለው ክሬም የለም። «አለ» የሚላችሁ ሰው ወይ ሊሸጥላችሁ ነው፣ ወይ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም።

ይሄ መልስ ግን ጠያቂዋን አያሳርፋትም። ከጥያቄው ጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «እኔ ቆንጆ ነኝ ወይ?» ለዚህኛው ሰው ሁሉ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ውበት እንደ ተመልካቹ ነው፣ ሁሉም ሰው ቆንጆ ነው» የሚል ነው። ደግ አባባል ነው። ሳይመረመር ሲነገር ግን በሽተኛን ሳያዩ «አይዞህ፣ ይሻልሃል» ብሎ እንደ መሸኘት ይሆንብኛል። እስቲ እንደ ሌላው የጤና ጉዳይ ይሄንንም እንመርምረው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ግማሹ እውነት ነው

በ2015 ከርንት ባዮሎጂ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ከ35,000 በላይ ሰዎች በኢንተርኔት የሰው ፊት እያዩ ውበቱን እንዲመዝኑ አደረጉ። ከዚያ 547 ጥንድ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮችንና 214 ጥንድ ተመሳሳይ ያልሆኑ መንትዮችን ጨመሩ። ውጤቱን በአጭሩ ስነግራችሁ፦ ሁለት ሰዎች ስለ ውበት በግማሽ ያህል ይስማማሉ፣ በግማሽ ያህል ይለያያሉ። በጣም የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው፤ የሚለያየው ግማሽ በአብዛኛው ከዘር የመጣ አይደለም። አንድ ዓይነት ዘረ መል ያላቸው መንትዮች እንኳ «ቆንጆ» የሚሉት ፊት የተለያየ ነው። የሚወስነው እያንዳንዱ ሰው በሕይወቱ ያየው ፊት ነው። ያሳደገችው ሴት፣ ክፍል ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ፣ የወደደው ሰው፣ ሲያይ ያደገው ፊልም።

ስለዚህ «እንደ ተመልካቹ ነው» ያሉት ሰዎች ግማሹን አግኝተውታል።

የምንስማማበትስ ግማሽ? የእንግሊዙ ፍራንሲስ ጋልተን በ1878 አካባቢ የወንጀለኛ ፊት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ፈልጎ የእስረኞችን ፎቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቦ አነሳ። የጠበቀው አስፈሪ ፊት ነበር። የወጣው ግን ከእያንዳንዱ እስረኛ ያማረ ፊት ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያንኑ በኮምፒውተር ሠርተው ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ የብዙ ሰው ፊት ሲደባለቅ የሚመጣው መካከለኛ ፊት ለአብዛኛው ሰው ያምራል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ሁላችንም «አማረ» የምንለው ያ ፊት የማንም ያልተለመደ ሰው ፊት አይደለም። የሁሉም ሰው አፍንጫ፣ የሁሉም ሰው ከንፈር ትንሽ ትንሽ አለበት።

የግራና የቀኝ መመጣጠንም ይቆጠራል። ቆዳም ይቆጠራል። ቆዳ ላይ ግን የሰው ዓይን አጥብቆ የሚፈልገው የቀለሙን ወጥነት ነው፤ ነጠብጣብ፣ ቁስልና የተዘበራረቀ ጥላ የሌለበትን። ጠይምም ሆነ ጥቁር ወጥ ከሆነ ዓይን ያርፍበታል። ይሄን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ክሬሞቹ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ደም ግባት

አማርኛችን ለዚህ ነገር አንድ ድንቅ ቃል አለው፤ ደም ግባት። «ደም ግባት አላት» ስንል ስለ ቅላት አላወራንም፣ ስለ አፍንጫም አላወራንም። ፊት ላይ ስለሚነበብ ሕይወት ነው ያወራነው። ቃሉን ያወጡት ሰዎች ሐኪም አልነበሩም እንጂ ሐኪም የሚያየውን አይተዋል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ፊቱ ይገረጣል። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። የታይሮይድ ሆርሞኑ ያነሰበት ሰው ፊቱ ያባብጣል፣ ቆዳው ይደርቃል። በብረት እጥረት ደሟ ወርዶ የነበረች እናት መድኃኒቷን በአግባቡ ወስዳ ስትመለስ ሰፈርተኛው «ምን ተቀባሽ?» ነው የሚላት። ምንም አልተቀባችም። ስለዚህ «ፊትሽ ጠወለገ» የሚል አስተያየት የሚደጋገምባችሁ ሰዎች፣ ኮስሞቲክስ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት የደም ምርመራ አድርጉ። ዋጋውም ከአንዳንዱ ክሬም ይረክሳል።

ከቃላት ሳንወጣ፣ ሌላም አለ። ፍንጭት። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት በጥርስ ሕክምና መጽሐፍ ስሙ ዳያስቴማ ነው፤ በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ሽቦ አሳስሮ የሚያዘጋው ነገር ነው። እኛ ጋ ግን ፍንጭት ያላት ልጅ ስትስቅ ሰው ይፈዛል። ስርጉዱስ? አንዳንድ ሰው ጉንጩን ወደ ላይ የሚጎትተው ጡንቻ ለሁለት ተከፍሎ ይፈጠርና ቆዳውን ወደ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፤ ያ ነው ስርጉድ። በአናቶሚ ዓይን ትንሽ የአፈጣጠር ልዩነት ነው። ማንም ግን «የጉንጭ ጡንቻዬ ተሰንጥቋል፣ አክሙኝ» ብሎ መጥቶ አያውቅም።

ንቅሳት ደግሞ አለ። አያቶቻችን አንገታቸውን፣ ግንባራቸውን፣ ድዳቸውን ተነቅሰዋል። በመርፌና በጥላሸት፣ ያለ ማደንዘዣ። ያመማቸው ለማማር ነው፤ ደግሞም አምረዋል፣ ተዘፍኖላቸዋል። ዛሬ «የእናቴ ንቅሳት በሌዘር ይጠፋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣልኛል፤ ያቺው ጠያቂ ደግሞ እጇ ላይ አዲስ ታቱ ልታሠራ ቀጠሮ ይዛ ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል፤ ግን ለጠቆረ ቆዳ የሚስማማው የሌዘር ዓይነት የተለየ ስለሆነ የቆዳ ሐኪም ጋ እንጂ የውበት ሳሎን አትሂዱ። ላነሳው የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። በሁለት ትውልድ ውስጥ አንድ አንገት ላይ ያለ አንድ ምልክት ጌጥም ኀፍረትም ሆኗል። አንገቱ አልተለወጠም።

ቀይ ማለት የት ነው ቀይ?

እስቲ ወደ ቀለሙ እንምጣ። እኛ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን እንከፋፍላለን። ልጅ ሲወለድ ጠያቂው ጾታውን ካወቀ በኋላ «ቀይ ነው?» ይላል። አዲስ አበባ ላይ «ቀይ» የምትባል ልጅ አውሮፕላን ተሳፍራ ዋሽንግተን ዱለስ ስትወርድ ግን ጥቁር ሆና ነው የምትወርደው። አሥራ ምናምን ሰዓት በረራ ውስጥ ቆዳዋ አንድም አልተነካም። የሚያያት ዓይን ነው የተለወጠው። በተቃራኒው ደግሞ በ2003 እስቴ ላውደር የተባለው ግዙፍ የመዋቢያ ኩባንያ ለማስታወቂያው ፊት አድርጎ የመረጣት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ ናት። እዚህ ሰፈር ውስጥ «ትንሽ ቀላ ብትል» የሚባልለት ዓይነት መልክ ነው ኒው ዮርክ ላይ ውድ ክሬም የሸጠው።

ሕክምናው ምን ይላል? ቀለም የሚሠሩት የቆዳ ሕዋሳት ሜላኖሳይት ይባላሉ። ቁጥራቸው በቀይም በጥቁርም ሰው ላይ ተቀራራቢ ነው። የሚለያየው ሜላኒን የተባለውን ቀለም የያዙት ከረጢቶች መጠንና አቀማመጥ ነው። ይኸው ነው ልዩነቱ። በ2017 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና የመጡ ሰዎችን ዘረ መል መርምሮ፣ ቆዳን የሚያጠቁሩትም የሚያቀሉትም የዘረ መል ዓይነቶች አፍሪካ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ፣ ብዙዎቹም ዕድሜያቸው ከ300,000 ዓመት በላይ እንደሆነ አሳይቷል። አንዷ እናት ቀይም ጠይምም የምትወልደው ለዚህ ነው። እህትሽ ቀይ ሆና አንቺ ጠይም ከሆንሽ የተበላሸ ነገር የለም። ከአንድ ከረጢት የወጣ የተለያየ ዕጣ ነው።

ሜላኒን ሥራም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ብርድ ስለሚለን አይታወቀንም እንጂ ፀሐያችን ኃይለኛ ናት። በተፈጥሯቸው ሜላኒን የሌላቸው አልቢኖ ወገኖቻችን በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር የሚጠቁት ይሄ ጥላ ስለሌላቸው ነው። ሰው በነፃ የተሰጠውን ጃንጥላ በገንዘቡ ሲቀድድ ማየት ለሐኪም ከባድ ነው።

ዓይን ይሠለጥናል

«ታዲያ እኔ ለምን ቀይ መሆን አማረኝ?» ብትሉ፣ የፊጂን ነገር ልንገራችሁ። ፊጂ ደሴት ላይ ወፈር ያለ ሰውነት ነበር የሚደነቀው፤ ከስቶ የታየ ሰው «ታሟል እንዴ?» ነበር የሚባለው፣ ልክ እንደኛ አገር የድሮው ጊዜ። ናድሮጋ ወደተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 ነው። አን ቤከር የተባሉ የሐርቫርድ ሐኪም ቴሌቪዥኑ እንደገባ አንዴ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ የአካባቢውን ወጣት ልጃገረዶች ጠየቁ። መጀመሪያ ለመክሳት ብላ የምታስመልስ አንዲትም ልጅ አልነበረችም። በ1998 ከመቶ 11 የሚሆኑት ያንን ያደርጉ ነበር፤ ከመቶ 74ቱ ደግሞ «አንዳንዴ በጣም ወፍራም እንደሆንኩ ይሰማኛል» አሉ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው! ያውም አንድ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ ቴሌቪዥን። አሁን ቴሌቪዥኑ ኪሳችን ውስጥ ነው፣ አልጋ ውስጥም አብሮን ይገባል።

ስለ ስልኩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሴልፊ ስትነሱ ስልኩ ከፊታችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀው። ከዚያ ርቀት ካሜራ ለእሱ የቀረበውን አስፍቶ፣ የራቀውን አሳንሶ ያሳያል። በ2018 የወጣ የፊት ቀዶ ሕክምና ጥናት እንዳሰላው ከ30 ሴንቲ ሜትር የተነሳ ፎቶ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። «አፍንጫዬ ሰፊ ነው» ብላችሁ የምታለቅሱበት ፎቶ የክንዳችሁን ርዝመት ነው እየለካ ያለው። ሰው ደግሞ ከ30 ሴንቲ ሜትር አያያችሁም፣ ሊስማችሁ ካልሆነ በቀር።

መስታወቱም ያው ነው። በ1977 በተሠራ አንድ ሙከራ ሰዎች የራሳቸውን ፎቶ ሲመርጡ በመስታወት እንደሚታየው የተገለበጠውን መረጡ፤ ጓደኞቻቸው ደግሞ ትክክለኛውን። ሁሉም የመረጠው የለመደውን ነው። ዓይን የለመደውን ይወዳል፤ ቀኑን ሙሉ በፊልተር የነጣ ፊት ያየ ዓይን ማታ መታጠቢያ ቤት መስታወት ውስጥ ራሱን ሲያይ መደንገጡ አይቀርም።

ቱቦው ውስጥ ያለው

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰዉ «ቀይ ያደርጋል» ብሎ የሚገዛው፣ ከዓረብ አገር በሻንጣ የሚመጣለት፣ ሳሎን ውስጥ ስም በሌለው ብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥለት ነገር ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኙት ሦስት ናቸው።

አንደኛውና እኛ ጋ በብዛት የማየው ስቴሮይድ ነው፤ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የሚል ይጻፍበታል። እነዚህ መድኃኒቶች ናቸው፣ ለችፌና ለሌላም የቆዳ ሕመም እኔም አዛለሁ። ግን ክሎቤታሶል ከሁሉም ኃይለኛው ነው፤ መመሪያው ራሱ በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ አትቀቡት ይላል። ሰዎች ግን ፊታቸውን ለሁለት ዓመት ይቀቡታል። መጀመሪያ ላይ ያታልላል። የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የቀለም ሕዋሳትን ያደክማል፣ ፊት ይጠራል፣ ጓደኛ «ወይ ማማር!» ይላል። ከወራት በኋላ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ቀያይ ክር የመሰሉ የደም ሥሮች ጉንጭ ላይ ይወጣሉ። ብጉር ይፈላል፤ ሴት ልጅ ጉንጯ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ጭኗ ላይና ብብቷ አካባቢ የሚወጣው ሸንተረር ደግሞ አይጠፋም። ዓይን አካባቢ ሲቀባ የዓይን ግፊትና የዓይን ሞራ ያመጣል። ሰውነቷን በሙሉ የምትቀባ ከሆነ መድኃኒቱ ወደ ደም ገብቶ ስኳርና የደም ግፊት ያስነሳል፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ያቆማል። ቀዶ ሐኪሞችም ያውቁታል፤ እንዲህ የሳሳ ቆዳ ሲሰፋ ክሩን አይዝም፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ይሄ ለምሳሌ በቀዶ ሕክምና ለምትወልድ እናት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ማዲያት ላይ፣ በሐኪም ክትትል፣ ለተወሰኑ ወራት ይጠቅማል። ለዓመታት ሲቀባ ግን ኦክሮኖሲስ የሚባል ነገር ያመጣል፤ ጉንጭና የዓይን ሥር ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት፣ እንደ ባሩድ የተነሰነሰ። ለመቅላት የተጀመረው ቅባት ፊትን ያጠቁረዋል፣ ከዚያም ሰውየው «አነሰ» ብሎ ይጨምርበታል። በ1975 ከደቡብ አፍሪካ ነው መጀመሪያ የተዘገበው፤ አገሪቱ በ1990 ከመዋቢያዎች ውስጥ አገደችው፣ አውሮፓም በኋላ ተከተለች። አጥጋቢ መድኃኒት እስካሁን የለውም።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊትን ይጎዳል፣ ነርቭን ይጎዳል። በሚናማታ ስምምነት መሠረት በኪሎ ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለው መዋቢያ ከ2020 በኋላ መመረት የለበትም፤ ገበያው ውስጥ ግን አሁንም ይገኛል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ተቀቢዋ ጋ ብቻ አለመቅረቱ ነው። በፎጣ፣ በትራስ፣ ጉንጭ ለጉንጭ በመሳሳም ወደ ልጅ ይተላለፋል። ክሬሙ ላይ ካሎሜል፣ ሜርኩሪክ ወይም ሜርኩረስ የሚል ቃል ካያችሁ፣ ወይም «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካነበባችሁ አስቀምጡት። ጌጥ የሚያበላሽ ቅባት ፊት ላይ ምን ያደርጋል?

መርፌውንም ትጠይቁኛላችሁ፤ ግሉታታዮን። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለማቅላት ብሎ የፈቀደው አንድም መርፌ የለም። ሳሎን ውስጥ የደም ሥራችሁን ለማንም አትስጡ።

የሚሸጡት ኩባንያዎች ራሳቸው ቃሉ እንደከበዳቸው ታያላችሁ። ከ1975 ጀምሮ ሕንድን ያጥለቀለቀው «ፌር ኤንድ ላቭሊ» በ2020 ስሙን ወደ «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ቀየረ። ቅላት ከስሙ ወጣ፣ ብርሃን ገባ።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ አስታውሱ። ሰዎች በጋራ ከሚስማሙባቸው ጥቂት የውበት ነገሮች አንዱ የቆዳ ወጥነት ነው። እነዚህ ክሬሞች የሚያጠፉት ያንኑ ነው። ፊቷ ቀይ፣ የጣቷ መገጣጠሚያ ጥቁር፣ ጉንጯ ላይ የደም ሥር፣ ግንባሯ ላይ ጥላ። በሌላት ነገር ስትደክም የነበራትን አጣች።

ሕክምና የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው

እዚህ ላይ እንዳትረዱኝ የምሰጋው ነገር አለ። ስለ መልክ መጨነቅ ሁሉ ከንቱነት ነው እያልኩ አይደለም። ማዲያት በሽታ ነው፣ ይታከማል። ብጉርና ጠባሳው ይታከማሉ። ለምጽ ይታከማል። «ውበት የውስጥ ነው» ብሎ ብጉር የፈላበትን የ17 ዓመት ልጅ ያለ ሕክምና መሸኘት ጭካኔ ነው። ማዲያት ላለባችሁ አንድ ጠቃሚ ነገር፦ በየቀኑ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ተቀቡ፣ ቢቻል የቆዳ ቀለም ያለውን ዓይነት፤ ማዲያትን የሚያባብሰው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየውም ብርሃን ጭምር ስለሆነ ነው። ሻሽና ባርኔጣም ይረዳሉ።

ሌላም ሕመም አለ፣ ቆዳ ላይ የሌለ። አንዳንድ ሰው ሌላው የማያየውን ወይም በጣም ጥቃቅን የሆነን ጉድለት ሲያስብ ይውላል። በቀን ለሰዓታት መስታወት ያያል ወይም ጭራሽ ይሸሻል፤ ሰርግ ይቀራል፣ ክፍል ይቀራል፣ ካሜራ ከፍቶ ማውራት ያቅተዋል። ከመቶ ሰው ሁለት ገደማ ላይ ይገኛል። ክሬም አያረካውም፣ ቀዶ ሕክምናም አያረካውም፤ አፍንጫው ሲስተካከል ጭንቀቱ ወደ አገጭ ይሄዳል። የሚረዳው የሥነ ልቦና ሕክምናና አንዳንዴም መድኃኒት ነው፤ ደግሞ ይረዳል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ «አንተ እኮ ቆንጆ ነህ» ማለት ብቻውን አይበቃም፣ «ቀልድህን ተው» ማለት ደግሞ ይጎዳል። የአእምሮ ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ።

እየተቀባችሁ ያላችሁ

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እንዲህ ነው። ሙሽራዋ ሰርጓ ሦስት ወር ሲቀረው ትጀምራለች። ለሰርጉ ቀን ያምርላታል። ጫጉላው ሲያልቅ ታቆማለች፤ በሳምንቱ ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። «ክሬሙ ስላቆምኩ ነው የታመምኩት» ብላ መልሳ ትጀምራለች። ይሄ ቀለበት አንዳንዷን አሥር ዓመት ያዞራታል። ያ ማቃጠል ቆዳው ስቴሮይዱን የለመደበት ምልክት ነው፤ ያልፋል፣ ግን ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፣ ብቻችሁን ስትሆኑ ደግሞ ይከብዳል።

ስለዚህ ለወራት ስትቀቡ የቆያችሁ ሰዎች፣ ይሄን አንብባችሁ ዛሬ ማታ በድንጋጤ አትወርውሩት፤ በተለይ ሰውነታችሁን በሙሉ የምትቀቡ ከሆነ። ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ግን ወዲያው አቁሙ፣ ፎጣውንና የትራስ ጨርቁን ለዩ። የቆዳ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዙ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ እንደ አለርት ያሉ የቆዳ ክፍል ያላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉላችሁ። ስትሄዱ የምትቀቡትን ቱቦ ወይም ብልቃጥ፣ ባዶም ቢሆን፣ በቦርሳችሁ ያዙ። ስሙን ሳናውቅ ማከም በጨለማ መርፌ እንደ መውጋት ነው። የደም ግፊታችሁን፣ ስኳራችሁንና የኩላሊት ምርመራችሁን አብራችሁ አሠሩ። እርጉዝ ወይም የምታጠቡ ከሆናችሁ መጀመሪያ እሱን ተናገሩ። ሐኪሙ ፊት አትፈሩ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀባችሁ አሳንሳችሁ ብትነግሩት የሚሰጣችሁ የመቀነሻ ጊዜም ያንሳል።

ቱቦው ላይ ያለው ጽሑፍ ካልገባችሁ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ከፊታችሁ ፎቶ ይልቅ እሱ ነው የሚጠቅመኝ።